አንጎልና የሰውነት ውስጣዊ ሚዛን፦ የታይሮይድ ዕጢ፣ የእንቅርትና የትምህርት ግንኙነት

መግቢያ

አንድ ተማሪ ማለዳ በብርድ ወደ ትምህርት ቤት ሲጓዝ፣ ረፋዱ ላይ በፀሐይ ሲሮጥ፣ ቀትር ላይ ምሳውን በልቶ ሲቀመጥ፣ ማታም ተጋድሞ ሲተኛ በዙሪያው ያለው ሁኔታ በየሰዓቱ ይለዋወጣል። በሰውነቱ ውስጥ ያለው ሁኔታ ግን ያን ያህል አይለዋወጥም። የሰውነቱ ሙቀት ከ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብዙም አይርቅም፤ በደሙ ውስጥ የሚገኘው ስኳር ከምግብ በፊት በየ100 ሚሊ ሊትሩ ከ70 እስከ 100 ሚሊ ግራም ባለው ክልል ይቆያል፤ የጨዉና የውሃው ምጣኔም እንዲሁ ከተወሰነለት ወሰን አይወጣም። ይህ ጽናት በአጋጣሚ የሚገኝ ሳይሆን፣ በአንጎል መሪነት ያለ ዕረፍት የሚካሄድ የቁጥጥር ሥራ ውጤት ነው።

የዚህን ሥራ አካሄድ ማወቅ ለሕክምና ባለሙያ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። ቁጥጥሩ ከሚካሄድባቸው መንገዶች አንዱ ሲሰናከል ጉዳቱ በቀጥታ የሚታየው በመማሪያ ክፍል ውስጥ ነውና። በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ የቁጥጥሩ ጠቅላላ ሥርዐት ይገለጻል፤ ቀጥሎም የታይሮይድ ዕጢ በምሳሌነት ተወስዶ፣ በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች የታወቀው እንቅርት ከአንጎል ሥራና ከሕፃናት የመማር ችሎታ ጋር ያለው ግንኙነት ይብራራል።

የውስጣዊ ሚዛን ጽንሰ ሐሳብ

እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1878 የኖረው ፈረንሳዊው የሥነ አካል ሊቅ ክሎድ ቤርናር፣ የሰውነት ሕዋሳት የሚኖሩት በውጭው አየር ውስጥ ሳይሆን ከብቧቸው በሚገኘው ፈሳሽ ውስጥ መሆኑን አስተማረ። በእርሱ አስተሳሰብ አንድ እንስሳ ከአካባቢው ለውጥ ተላቅቆ በነፃነት ሊኖር የሚችለው ይህ ውስጣዊ አካባቢ ጸንቶ ሲቆይለት ነው። አሜሪካዊው ሊቅ ዋልተር ካነንም ሐሳቡን አስፋፍቶ እ.ኤ.አ. በ1926 ሆሚዮስታሲስ የሚል ስም ሰጠው። ቃሉ ከግሪክ ቋንቋ የተገኘ ሲሆን ሁኔታን በተመሳሳይ ደረጃ ጠብቆ ማቆየት ማለት ነው።

ይሁንና ጽናት ሲባል አለመንቀሳቀስ ማለት አይደለም። እንጀራ የምትጋግር ባለሙያ ሴት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ትሆናለች። ምጣዱ ከመጠን በላይ ሲግል ማገዶውን ጎተት ታደርጋለች፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ትጨምራለች። የምጣዱ ግለት ከእንጀራ እንጀራ አንድ ዓይነት ሆኖ የሚታየው እሳቱ ስላልተለወጠ ሳይሆን እርሷ ያለማቋረጥ ስላስተካከለችው ነው። በዚህ ምሳሌ ውስጥ ሦስት ነገሮች ይገኛሉ፤ ይኸውም የምጣዱን ሁኔታ የሚለካ እጅና ዐይን፣ የተለካውን ከሚፈለገው ጋር የሚያመዛዝን አእምሮ፣ ማገዶውን የሚጨምር ወይም የሚቀንስ ክንድ ናቸው። ውጤቱ ተመልሶ መነሻውን የሚያርምበት እንዲህ ያለው አሠራር ግብረ መልስ ይባላል። በሰውነት ውስጥ የሚካሄደው ቁጥጥር አብዛኛው በዚሁ ሕግ ይመራል።

ሃይፖታላመስና ፒቱታሪ

በሰውነት ውስጥ የማመዛዘኑን ሥራ በዋናነት የሚያከናውነው ሃይፖታላመስ የተባለው የአንጎል ክፍል ነው። ይህ ክፍል በአንጎል ግርጌ፣ ከሁለቱ ዐይኖች የሚመጡት ነርቮች ከሚገናኙበት ቦታ አጠገብ ይገኛል። የአንድ ጎልማሳ አንጎል ከ1,300 እስከ 1,400 ግራም ያህል ሲመዝን የሃይፖታላመስ ክብደት ግን 4 ግራም ያህል ብቻ ነው። ሆኖም ረኃብና ጥጋብ፣ ጥማት፣ የሰውነት ሙቀት፣ እንቅልፍና ንቃት፣ ዕድገትና የመራቢያ አካላት ሥራ ሁሉ ከዚህች ትንሽ ክፍል ጋር የተሳሰሩ ናቸው።

ሃይፖታላመስ ትእዛዙን የሚያስተላልፈው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በነርቮች አማካይነት ሲሆን ይህ በቅጽበት የሚደርስና በቶሎ የሚያልፍ ነው። ሁለተኛው በሆርሞኖች አማካይነት ሲሆን አዝጋሚ ቢሆንም ውጤቱ ሰፊና ረዘም ላለ ጊዜ የሚቆይ ነው። ሆርሞን ማለት በአንድ ዕጢ ወይም ሕዋስ ተሠርቶ በደም አማካይነት ርቆ ወደሚገኝ አካል የሚሄድ መልእክተኛ ንጥረ ነገር ነው። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1905 በሥራ ላይ ያዋለው እንግሊዛዊው ኧርነስት ስታርሊንግ ነበር።

የሆርሞኑ መንገድ የሚያልፈው በፒቱታሪ ዕጢ በኩል ነው። ፒቱታሪ የአተር ፍሬ የምታህል፣ ግማሽ ግራም ያህል የምትመዝን፣ ከሃይፖታላመስ ሥር በቀጭን ዘንግ ተንጠልጥላ በራስ ቅል አጥንት ጎድጓዳ ውስጥ የተቀመጠች ዕጢ ናት። ሁለት ክፍሎች አሏት። የኋለኛው ክፍል ከሃይፖታላመስ የወረዱ የነርቭ ጫፎች የተከማቹበት ነው። የፊተኛው ክፍል ግን ራሱን የቻለ ዕጢ ሲሆን ከሃይፖታላመስ ጋር የሚገናኘው በነርቭ ሳይሆን በጥቃቅን የደም ሥሮች ነው።

አንጎል የፊተኛውን ክፍል የሚያዝዘው በእነዚህ የደም ሥሮች በኩል በሚልካቸው ንጥረ ነገሮች መሆኑን እንግሊዛዊው ጄፍሪ ሃሪስ በምርምሩ አስረዳ። ንጥረ ነገሮቹን ለይቶ ማውጣት ግን ብዙ ዓመታት ፈጀ። ሮዤ ጊየማን ከበጎች፣ አንድሩ ሻሊ ደግሞ ከአሳማዎች በብዙ መቶ ሺህ የሚቆጠሩ የሃይፖታላመስ ቁራጮችን ሰብስበው፣ በተናጠል ሲመራመሩ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ1969 የመጀመሪያውን ንጥረ ነገር ምንነት ለማወቅ በቁ። የተገኘውም ከሦስት አሚኖ አሲዶች ብቻ የተሠራ፣ የታይሮይድ ዕጢን ሥራ ከላይ ሆኖ የሚያንቀሳቅስ ሆርሞን ነበር። ሁለቱ ሊቃውንት ከሮዛሊን ያሎው ጋር እ.ኤ.አ. በ1977 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነዋል።

የውሃ ሚዛን

የሃይፖታላመስን አሠራር በግልጽ ከሚያሳዩት ነገሮች አንዱ የውሃ ቁጥጥር ነው። የአንድ ጎልማሳ ኩላሊቶች በ24 ሰዓት ውስጥ 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ። ከዚህ ውስጥ ሽንት ሆኖ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሊትር ሲሆን የቀረው ወደ ደም ይመለሳል። ምን ያህል እንደሚመለስ ከሚወስኑት ነገሮች ዋነኛው በሃይፖታላመስ ተሠርቶ በፒቱታሪ የኋለኛ ክፍል የሚከማቸው ቫሶፕሬሲን የተባለው ሆርሞን ነው።

በቆላ ፀሐይ ሲጓዝ የዋለ ሰው በላብ ምክንያት ውሃ ሲያጣ ደሙ በአንጻሩ ጨዋማ ይሆናል። በሃይፖታላመስ አካባቢ የሚገኙ ልዩ ሕዋሳት የጨዉ ክምችት ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ብቻ ከፍ ማለቱን ይገነዘባሉ። ወዲያውም ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። ቫሶፕሬሲን ወደ ደም ተለቅቆ ኩላሊቶች ውሃ እንዲቆጥቡ ያደርጋል፤ ጥማትም ተቀስቅሶ ሰውዬው ውሃ እንዲፈልግ ያስገድደዋል። ጠጥቶ ሲረካ የደሙ ምጣኔ ይመለሳል፤ ትእዛዙም ይቆማል። በሕመም ምክንያት ሆርሞኑ ፈጽሞ የጎደለበት ሰው በቀን 10 ሊትርና ከዚያም በላይ ሊሸና ይችላል። አልኮል የቫሶፕሬሲንን መለቀቅ የሚገታ በመሆኑም ጠጅ አብዝቶ የጠጣ ሰው ደጋግሞ ይሸናል፤ በማግሥቱም በጥማት ይቃጠላል።

የሙቀት ሚዛን

የሙቀት ቁጥጥርም በተመሳሳይ መንገድ ይካሄዳል። ሃይፖታላመስ የደሙን ሙቀት ለክቶ ከፍ ያለ ሆኖ ሲያገኘው በቆዳ ሥር ያሉ የደም ሥሮች እንዲሰፉና ላብ እንዲወጣ ያዛል፤ ዝቅ ሲል ደግሞ የደም ሥሮቹን ያጠባል፤ ጡንቻዎችንም ያንቀጠቅጣል። ወባ የያዘው ሰው ሰውነቱ እየጋለ ሳለ ጋቢ ደርቡልኝ የሚልበት ምክንያት እዚህ ላይ ይገኛል። በሽታው በሰውነት ውስጥ በሚያስነሣቸው ንጥረ ነገሮች ምክንያት ሃይፖታላመስ የሚጠብቀው የሙቀት ልክ ከ37 ወደ 39 ወይም 40 ዲግሪ ከፍ ይላል። አንጎል ይህን አዲስ ልክ እንደ ትክክለኛ ስለሚቆጥረው 38 ዲግሪ የደረሰው ሰውነት ለእርሱ ገና ቀዝቃዛ ነው። ከዚህ ምሳሌ መረዳት እንደሚቻለው ውጫዊው ምልክትና ውስጣዊው ምክንያት ሁልጊዜ ፊት ለፊት አይገጣጠሙም። እንቅርትን ለመረዳትም ይኸው ማስተዋል ያስፈልጋል።

የታይሮይድ ሰንሰለት

የታይሮይድ ዕጢ በአንገት ፊት፣ ከማንቁርት ዝቅ ብሎ፣ በአየር ቧንቧ ግራና ቀኝ የተዘረጋ የቢራቢሮ ክንፍ የመሰለ ዕጢ ነው። ከሚሠራቸው ሆርሞኖች ዋነኛው ታይሮክሲን ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1914 በኤድዋርድ ኬንዳል ተለይቶ ወጥቷል። እያንዳንዱ የታይሮክሲን ቅንጣት አራት የአዮዲን አቶሞች አሉት። ሆርሞኑ ሕዋሳት ምግብን የሚያቃጥሉበትን ፍጥነት ይወስናል፤ ለሰውነት ዕድገትና ለአንጎል ግንባታም እጅግ አስፈላጊ ነው።

ዕጢው በገዛ ፈቃዱ አይሠራም። ሃይፖታላመስ ለፒቱታሪ መልእክት ይልካል፤ ፒቱታሪ ታይሮይድ ቀስቃሽ የተባለውን ሆርሞን ወደ ደም ትለቃለች፤ ይህም ታይሮይድ ዕጢ ደርሶ ታይሮክሲን እንዲሠራ ያዘዋል። የታይሮክሲኑ መጠን በደም ውስጥ በበቂ ሁኔታ ሲገኝ ሃይፖታላመስና ፒቱታሪ ይህን ተገንዝበው ትእዛዛቸውን ያላላሉ። መጠኑ ሲቀንስ ግን ትእዛዛቸውን ያጠነክራሉ። ይህም የምጣዱና የማገዶው ሕግ ነው።

ሰንሰለቱ ሲሰናከል

አሁን ዕጢው አዮዲን አጣ እንበል። አዮዲን ከሌለ ታይሮክሲን አይሠራም፤ በደም ውስጥ ያለው መጠን ይቀንሳል። ፒቱታሪ ጉድለቱን ተመልክታ ታይሮይድ ቀስቃሹን ሆርሞን ትጨምራለች። ዕጢው ትእዛዙ ቢደርሰውም ጥሬ ዕቃው ስለሌለው በሚፈለገው መጠን ሊሠራ አይችልም። ስለሆነም ትእዛዙ አይቆምም፤ እየበረታ ይሄዳል። በዚህ የማያቋርጥ ግፊት የተነሣ የዕጢው ሕዋሳት እየበዙና እየተለቁ ይሄዳሉ፤ አንገትም ያብጣል። እንቅርት የሚባለው ይህ ነው።

እንግዲህ በአዮዲን እጥረት የሚመጣ እንቅርት የአንገት በሽታ ቢመስልም፣ በእውነቱ አንጎል ደጋግሞ ያዘዘውና ሊፈጸም ያልቻለ ትእዛዝ ምልክት ነው። በአንዳንድ አካባቢዎች ለእንቅርት ማሻያ ተብሎ አንገትን መነቀስ የቆየ ልማድ ነው። ከላይ ከተገለጸው አካሄድ እንደሚታየው ግን ምክንያቱ ከቆዳው ሥር ሳይሆን ከማዕዱ ላይ ስለሆነ መርፌው ሊደርስበት አይችልም። እርግጥ የዕጢው ማበጥ ሌሎች ምክንያቶችም ሊኖሩት ስለሚችሉ ያበጠ አንገት ሁሉ በጤና ባለሙያ መታየት ይገባዋል።

አንጎልን የሚገነባው ሆርሞን

የነገሩ ክብደት በአንገት ላይ በሚታየው እብጠት ብቻ የሚለካ አይደለም። ዕጢውን የሚያዝዘው አንጎል ራሱ በታይሮክሲን የተገነባ ነው። በማሕፀን ያለ ፅንስ በመጀመሪያዎቹ ወራት የራሱን ታይሮክሲን ሊሠራ አይችልም፤ የታይሮይድ ዕጢው ሥራ የሚጀምረው ከ12ኛው ሳምንት አካባቢ በኋላ ሲሆን እስከዚያ ድረስ የሚያገኘው ከእናቱ ደም ነው። የነርቭ ሕዋሳት ወደ ቦታቸው የሚጓዙበት፣ ቅርንጫፍ የሚያወጡበትና እርስ በርሳቸው የሚገናኙበት ሥራ በዚህ ሆርሞን ላይ የተመሠረተ ነው።

እናቲቱ በከባድ የአዮዲን እጥረት ላይ ከሆነች ሕፃኑ ክሬቲኒዝም በተባለው ሁኔታ፣ ይኸውም በማይድን የአእምሮ ዝግመት፣ በመስማትና በመናገር ችግር ወይም በዕድገት መቀጨጭ ሊጎዳ ይችላል። እንዲህ ያለው ከባድ ጉዳት የሚደርስባቸው ጥቂቶች ናቸው። ከእነርሱ ይልቅ በቁጥር የሚበዙት ግን ጤነኛ መስለው የሚያድጉ፣ ነገር ግን ሊደርሱበት ይችሉ ከነበረው የማስተዋል ደረጃ ዝቅ ብለው የሚቀሩ ሕፃናት ናቸው። የዓለም የጤና ድርጅት የአዮዲን እጥረትን በዓለም ላይ ሊከላከሉት ከሚቻለው የአንጎል ጉዳት ምክንያቶች ግንባር ቀደም አድርጎ የሚቆጥረው በዚህ የተነሣ ነው። በአማርኛ ችግር በችግር ላይ ሲደራረብ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይባላል። ይህ አነጋገር እንቅርትን እንደ ታወቀ የቤት እንግዳ አድርጎ መቁጠሩ ሕዝቡ ከችግሩ ጋር ምን ያህል አብሮ እንደኖረ ያመለክታል።

አዮዲንና የኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች

አንድ ጎልማሳ በቀን የሚያስፈልገው አዮዲን 150 ማይክሮ ግራም ነው። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ 120፣ ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ 250 ማይክሮ ግራም ያስፈልጋቸዋል። አንድ ጎልማሳ ይህን ልክ ለ70 ዓመት ቢወስድ እንኳ ጠቅላላው 4 ግራም አይሞላም። ሆኖም ሰውነት ይህን ጥቂት ነገር አከማችቶ ለዘለቄታው ሊያቆየው ስለማይችል ሳያቋርጡ መውሰድ ግድ ይሆናል።

አዮዲን በውሃ በቀላሉ የሚታጠብ ንጥረ ነገር ነው። በተራራማ አገር ለብዙ ሺህ ዓመታት የወረደው ዝናብና የአፈር መሸርሸር አዮዲኑን ጠርጎ ወደ ባሕር ወስዶታል። በእንዲህ ያለው አፈር ላይ የበቀለ ጤፍ፣ ገብስ ወይም ባቄላ መልኩም ጣዕሙም ሳይለወጥ አዮዲን ይጎድለዋል፤ ሣሩን የሚግጠው ከብት ወተትም እንዲሁ። ለዚህ ነው የኢትዮጵያ ደጋ ነዋሪ እህል ሞልቶት እንኳ በአዮዲን እጥረት ሊጠቃ የሚችለው። እንደ ካሳቫ ያሉ ምግቦችም በሚገባ ካልተዘጋጁ ታይሮይድ ዕጢ አዮዲኑን እንዳይጠቀምበት ስለሚያሰናክሉ ችግሩን ያባብሱታል።

መፍትሔው አዮዲንን ሁሉም ሰው በየቀኑ በሚበላው ነገር፣ ማለትም በጨው ላይ መጨመር ነው። ቀድሞ ወደ ኢትዮጵያ ይገባ የነበረው የባሕር ጨው አብዛኛው ከአሰብና ከምፅዋ ይመጣ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2000 በተካሄደው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ምክንያት ይህ መንገድ ሲቋረጥ የአገሪቱ ጨው በአብዛኛው ከአፋር፣ በተለይም ከአፍዴራ ሐይቅ የሚመረት ሆነ። የአፍዴራ ጨውም ሆነ ከጥንት ጀምሮ ከደንከል በረሃ የሚቆረጠው አሞሌ በተፈጥሮው በቂ አዮዲን የለውም። በመሆኑም በ2003 ዓ.ም. ለምግብ የሚቀርብ ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድድ ደንብ ወጥቷል።

ከትምህርት ቤት የተገኘ ማስረጃ

ይህ ዕውቀት በመጀመሪያ በሰፊው የተፈተነው በትምህርት ቤት ውስጥ መሆኑ ለመምህራን ልዩ ትርጉም አለው። እ.ኤ.አ. በ1917 ዴቪድ ማሪንና ኦሊቨር ኪምቦል የተባሉ ሐኪሞች በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ግዛት አክረን ከተማ በሚገኙ ትምህርት ቤቶች ለሴት ተማሪዎች በየጊዜው አነስተኛ መጠን ያለው አዮዲን መስጠት ጀመሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲመረመሩ አዮዲን ከወሰዱት 2,190 ተማሪዎች ዕጢያቸው ያበጠ 5 ብቻ ሲሆኑ ካልወሰዱት 2,305 ውስጥ ግን 495 ነበሩ። ከዚህ በኋላ ስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1922፣ የአሜሪካዋ ሚሺገን ግዛትም በ1924 አዮዲን ያለበት ጨው ለሕዝብ ማቅረብ ጀመሩ። ፒቱታሪ ለዕጢው የምታስተላልፈው ትእዛዝ በግልጽ ከመታወቁ አስቀድሞ ጥሬ ዕቃውን በማቅረብ ብቻ ሰንሰለቱን ማስተካከል ተችሎ ነበር።

በመማሪያ ክፍል የሚኖረው ተግባራዊ ጥቅም

ታይሮክሲን ያነሰው ልጅ ቶሎ ይደክመዋል፤ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፤ ብርድ አይችልም፤ የተነገረውን ለመያዝ ጊዜ ይወስድበታል። ምክንያቱን ያላወቀ መምህር ይህን ሁሉ ስንፍና ብሎ ሊጠራው ይችላል። ልጁ ግን የሚቀጣበት ጥፋት የለውም። በእርግጥ ከትምህርት ወደ ኋላ የሚቀር ልጅ ሁሉ አዮዲን የጎደለው አይደለም፤ ረኃብ፣ የጥገኛ ትላትል በሽታ፣ የዐይንና የጆሮ ችግር ሁሉ ተመሳሳይ መልክ ሊኖራቸው ይችላል። ቢሆንም በአንድ ትምህርት ቤት አንገታቸው ያበጠ ብዙ ልጆች መታየታቸው የአካባቢው ሕዝብ በሙሉ የአዮዲን እጥረት ሊኖርበት እንደሚችል የሚጠቁም በመሆኑ ለጤና ጣቢያ ማስታወቅ ተገቢ ነው። የጤና ባለሙያዎች ዕጢው አብጧል የሚሉት እያንዳንዱ የዕጢው ክንፍ ከልጁ ከራሱ የአውራ ጣት ጫፍ አንጓ ሲበልጥ ነው።

ተማሪዎች ወደየቤታቸው ይዘውት ሊሄዱ የሚገባቸው ትምህርት አጭርና ግልጽ ነው። አዮዲን ያለበት ጨው ለፀሐይ፣ ለእርጥበትና ለረጅም ግለት ሲጋለጥ ኀይሉን ያጣል። ስለዚህ በክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ፣ ከምድጃ ርቆ መቀመጥ ይኖርበታል፤ ወደ ወጥ የሚጨመረውም በማብሰያው መጨረሻ ላይ ቢሆን ይመረጣል። ጨውን ለማጥራት ብሎ በውሃ ማጠብ አዮዲኑን አብሮ ያስወግደዋል። ጨው አዮዲን ያለው መሆኑን ለማረጋገጥ የሚያገለግል የመመርመሪያ ፈሳሽም አለ፤ አንድ ጠብታ በጨው ላይ ሲያርፍ ቀለሙ ወደ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ከተለወጠ አዮዲን አለበት ማለት ነው። ተማሪዎች ከየቤታቸው ጥቂት ጨው አምጥተው በክፍል ውስጥ ቢፈትኑት የሳይንስ ትምህርቱ ከኑሮአቸው ጋር ይያያዛል። አዮዲን ጠቃሚ ቢሆንም ከልክ በላይ መውሰድ ራሱ የዕጢውን ሥራ ሊያውክ ስለሚችል ያለ ሐኪም ትእዛዝ በመድኃኒት መልክ መውሰድ አይገባም።

ማጠቃለያ

አንጎል የሰውነትን ውስጣዊ ሚዛን የሚጠብቀው እየለካ፣ እያመዛዘነና እያረመ ነው። ለዚህም ነርቮችንና ሆርሞኖችን በመሣሪያነት ይጠቀማል። ይሁን እንጂ ትእዛዝ ብቻውን ሥራ አይሆንም፤ ትእዛዙን የሚፈጽመው አካል ጥሬ ዕቃ ያስፈልገዋል። አዮዲን በጎደለበት አገር አንጎል ማዘዙን አላቋረጠም፤ ዕጢውም መታዘዙን አልተወም። የጎደለው ከማዕዱ ላይ የሚገኝ፣ በዐይን የማይታይ ጥቂት ነገር ነው።

ለመማር የሚመጣው ልጅ በመጀመሪያው ቀን ወደ ክፍል ሲገባ የአንጎሉ ግንባታ አብዛኛው አልፏል። ስለሆነም የትምህርት ሥራ የሚጀመረው ከመማሪያ ክፍል ሳይሆን ከነፍሰ ጡሯ እናት ጓዳ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዛሬ በክፍል ውስጥ የተቀመጡት ተማሪዎች ነገ እናቶችና አባቶች የሚሆኑ በመሆናቸው ስለ ጨዉ አሁን የሚማሩት ነገር ገና ያልተወለዱ ተማሪዎችን አእምሮ የሚጠብቅ ይሆናል።